ያየ ሰው ይናገር፦ ኢንፌክሽን በሕክምና ተቋማት እንዳይዛመት ስለ መከላከል

(በጎንደር ለሕክምናና ጤና ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተምራችሁታል፤ በየክፍሉ ግድግዳ ተለጥፎ ታዩታላችሁ፤ በፈተናም ተጠይቃችሁበታል። እኔም ለረጅም ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ የእጅ አስተጣጠብን ቅደም ተከተል ልደግምላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ሁላችንም የምናውቀው ነገር ስለ ምን በየዕለቱ ሳይፈጸም እንደሚያድር ከእናንተ ጋር ለማሰብ ነው። ሐሳቤን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከ20 ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት ሐኪም ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶችን ቁስል እየዞርኩ አይ ነበር። የመጀመሪያዋ ታካሚ ቁስል መግል ይዞ ነበርና ፋሻውን አንሥቼ ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረግሁ መረመርሁት። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ ተሻገርሁ። እዚያ የተኛችው በ20ዎቹ መጀመሪያ የምትገኝ ከደጋ የመጣች ሴት ነበረች፤ ከራስጌዋ እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። እጄን ወደ ልጃቸው ሆድ ስዘረጋ እናትየዋ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ አይቆጡኝና፣ ይህ የላስቲክ እጅ ያችኛዋን የነካው አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

የላስቲክ እጅ ያሉት ጓንቱን ነው። ጥያቄው ትክክል ነበር። ጓንቱን አልቀየርሁም ነበር። በዚያ ጠዋት የቀረኝ ጓንት ጥቂት ነበር፤ የሚጠብቀኝ በሽተኛ ብዙ ነበር፤ ከኋላዬም ሁለት ተማሪዎች ቆመዋል። እኔም፣ «አይዞዎት እናቴ፣ ንጹሕ ነው» ብዬ ፋሻውን አነሣሁት። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። በአምስተኛው ቀን የልጃቸው ቁስል መግል ያዘና ተከፈተ። 24 ቀን ተኛች። ለመድኃኒት መግዣ በግ እንደተሸጠ የሰማሁት ከነርሷ ነው።

ያ ኢንፌክሽን ከእኔ ጓንት መጣ ብዬ በሳይንስ ላረጋግጥላችሁ አልችልም። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉም፣ ከሕመምተኛዋ ከራሷ ቆዳም ሊመጣ ይችል ነበር። የማረጋግጥላችሁ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የመተላለፊያውን መንገድ በዓይናቸው ያዩ አንድ ሰው ነበሩ፤ እኔም ዝም አሰኘኋቸው። የዛሬው ንግግሬ ጭብጥ ይህ ነው፦ በሕክምና ተቋም ውስጥ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበትን መንገድ ብዙ ጊዜ የሚያዩት እኛ ያልቆጠርናቸው ሰዎች ናቸው። እነርሱን ሳንቆጥርና ሳንሰማ የምናወጣው መመሪያ ሁሉ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ኢግናዝ ዘመልቫይስ የተባለ ሐኪም የሠራውን ታውቃላችሁ። በሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል በአራስ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ከአዋላጆቹ ክፍል እጅግ ይበዙ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን እንደሚመረምሩ ዘመልቫይስ አስተዋለና፣ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በሚያዝያ 18 በመቶ ያህል የነበረው የሞት መጠን በዚያው ዓመት የበጋ ወራት ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ የምንዘነጋው አንድ ነገር አለ። ዘመልቫይስ ምክንያቱን ከማግኘቱ በፊት ነገሩን የቪየና ሴቶች ያውቁት ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ወላዶችን የሚቀበሉት በየቀኑ እየተፈራረቁ ስለነበር፣ ምጥ የያዛቸው ሴቶች ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይመደቡ ይለምኑ ነበር፤ ወደዚያ ከመግባት በመንገድ ላይ መውለድን የመረጡም ነበሩ። ስለ ጀርም የሰሙት አንዳች ነገር አልነበረም። በየትኛው በር የገባች ሴት እንደማትመለስ ግን ቆጥረዋል። ሐኪሞቹ ለዓመታት አልሰሟቸውም፤ ዘመልቫይስን ራሱንም ብዙዎች አልተቀበሉትም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ከከተማችን በደቡብ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 በወባ ወረርሽኝ ተመትቶ 7,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተመዝግቧል። ያ መቅሠፍት ለዚህ ትምህርት ቤት መወለድ ዋና ምክንያት ሆነ። በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ጋር በመሆን የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከልን አቋቋመ። በዚያ ኮሌጅ አብረው ከሠለጠኑት ውስጥ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ይገኙበታል።

የዚህ አደረጃጀት ጥበብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ጤና መኮንኑ በሽተኛውን፣ ነርሷ ቤተሰቡን፣ ሳኒታሪያኑ ደግሞ ምንጩን፣ መጸዳጃውንና የቆሻሻ ማስወገጃውን ያያሉ። የአንዱ ዓይን ለብቻው አይበቃም ተብሎ ታምኖበታል። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤታችን አድጓል፤ የሕክምና ትምህርት ተጨምሯል፤ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ነገር ግን ወደ መንደር ስንወጣ የምንይዘውን ያንን የቡድን ዓይን ወደ ራሳችን የሕሙማን ክፍል ስንገባ በር ላይ ጥለነው የምንገባ ይመስለኛል። ስለ መንደሩ የውሃ ምንጭ የምንጠይቀውን ያህል፣ ከአራተኛው አልጋ አጠገብ ያለው የእጅ መታጠቢያ ስለ ምን እንደ ደረቀ አንጠይቅም።

የጉዳዩን ስፋት ሁለት ቁጥሮች ይነግሩናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሕሙማን መካከል በሀብታም አገሮች 7ቱ፣ በመካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15ቱ በሕክምና ላይ ሳሉ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በዚሁ ዘገባ መሠረት እጅን በማጽዳትና በሌሎች ወጪ ቆጣቢ ርምጃዎች ከእነዚህ 70 በመቶውን መከላከል ይቻላል። ሊድን የመጣ ሰው ሌላ በሽታ ሸምቶ የሚሄድበት ገበያ እንዳንሆን እነዚህን ቁጥሮች ከፊታችን ልናርቃቸው አይገባም።

እንግዲህ በሽታው የሚሄድባቸውን ሦስት መንገዶች አንድ በአንድ እንይ፦ እጅ፣ እንፋሎት፣ አየር። በእያንዳንዱም ማን እንደሚያየው ልብ በሉ።

የመጀመሪያው እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ለይቷል፦ ታካሚውን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚውን ከነኩ በኋላ፣ እንዲሁም በታካሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። ጓንት ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ጓንት የለበሰ ሰው ራሱን ስለሚጠብቅ ታካሚውንም የጠበቀ ይመስለዋል። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ስሜት ነው።

እጅ ለመታጠብ ውሃ ያስፈልጋል። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ከተማችን የቆየችበት የአንገረብ ግድብ ደለል ሞልቶታል፤ ውሃ በፈረቃ መጠበቅ፣ ጀሪካን ደርድሮ ማደር የኑሯችን አካል ሆኗል። ውሃ በሌለበት «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ታዛዡን መውቀስ እንጂ ማስተማር አይሆንም። ለዚህ ነው በአልኮል የተዘጋጀ የእጅ ማሻሻ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ የሚያስፈልገን። አሠራሩም ምሥጢር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል፣ 1.45 በመቶ ግሊሰሮልና 0.125 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጠይቃል፤ ከተበጠበጠ በኋላ 72 ሰዓት ተቀምጦ ለአገልግሎት ይውላል። የትኛውም የፋርማሲ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሊያዘጋጀው ይችላል። አረቄ ግን አይተካውም፤ የአልኮሉ መጠን አይበቃም። እጅ ላይ ደም ወይም የሚታይ እድፍ ካለም ያለ ውሃና ሳሙና አይሆንም።

በእጅ ጉዳይ ላይ የማይቆጠረው ሰው ማን ነው? አስታማሚው ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ታካሚውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሽንቱን የሚደፋው በአብዛኛው ቤተሰቡ ነው። የእኛ እጅ በቀን ጥቂት ጊዜ ይነካዋል፤ የአስታማሚው እጅ ከታካሚው ላይ አይነሣም። ደግሞም አገራችን ነውና አስታማሚ የራሱን ሰው ብቻ አስታሞ አይቀመጥም። ጠያቂ ያጣውን የጎረቤት አልጋ ያቃናል፤ ውሃ ያቀብላል፤ ከቤት የመጣለትን እንጀራ ያጎርሳል። ይህ ርኅራኄ ባይኖር ሆስፒታሎቻችን አንድ ሌሊት አያድሩም። ሆኖም ያ እጅ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያልፍ ማንም አምስቱን ጊዜያት አላስተማረውም። ርኅራኄውን መከልከል ስሕተት ነው፤ ንጹሕ እጅ እንዲኖረው ማድረግ ግን የእኛ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንፋሎት ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ያልበቃ እንፋሎት። የምንኖረው በከፍታ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። ውሃ በጎንደር የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ፣ በደባርቅ ደግሞ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ነው። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም፤ የዳባትና የደባርቅ እናቶች የባቄላ ንፍሮ ደጋ ላይ ከቆላ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል ጠንቅቀው ያውቃሉ። በዚያው ደጋ ያለ ጤና ጣቢያ ግን የሕክምና መሣሪያ የሚቀቅለውና በእንፋሎት የሚያመክነው፣ ብዙ ጊዜ በባሕር ጠረፍ ለተጻፈ መመሪያ ታዞ ነው።

ስሌቱን በአጭሩ ላሳያችሁ። የመሣሪያ ማምከኛው ኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ እንዲደርስ በባሕር ጠለል የግፊት መለኪያው 15 ፓውንድ በካሬ ኢንች ማሳየት አለበት። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ መለኪያው 15 ሲያሳይ በውስጡ ያለው ሙቀት 116 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ መለኪያው ወደ 19 መውጣት አለበት። አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የጀርሙን ዘር ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ 10 እጥፍ ያህል ስለሚጨምር፣ በ5 ዲግሪ ጉድለት ሦስት እጥፍ ያህል ጊዜ ያስፈልጋል። ሙቀቱን በራሱ የሚለካ ዘመናዊ ማሽን ይህን ያስተካክላል፤ በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠራው አሮጌው ግን አያስተካክልም። ተመራቂዎቻችን ወደ ደጋ ጤና ጣቢያ ሲመደቡ ይህን ስሌት በኪሳቸው ይዘው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። ከዚያም በላይ ማሽኑን በየዕለቱ የሚያንቀሳቅሰውን ሠራተኛ፣ «ይህ ዕቃ በደንብ ይሞቃል?» ብለው እንዲጠይቁት እፈልጋለሁ። የዕቃውን ጠባይ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።

መሣሪያ ሳይመክን ሲቀር የሚደርሰውን ጥፋት የያምቡኩ ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢቦላ በመጀመሪያ ከታወቀባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ በዛሬዪቱ ዴሞክራቲክ ኮንጎ የምትገኘው የያምቡኩ የሚሲዮን ሆስፒታል ነበር። ለተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል በየጠዋቱ አምስት መርፌዎች ይሰጡ ነበር፤ በአንዱና በሌላው ታካሚ መካከል በሞቀ ውሃ ከመለቅለቅ በቀር ሌላ ማጽጃ አልነበራቸውም። በወረርሽኙ ከተያዙት 318 ሰዎች 280ዎቹ ሞቱ። ከሆስፒታሉ 17 ሠራተኞችም 11ዱ አለቁና ሆስፒታሉ ተዘጋ። እነዚያ ሠራተኞች ክፉዎችም ሰነፎችም አልነበሩም። ጥቂት መርፌ፣ ብዙ በሽተኛና በጎ ፈቃድ ይዘው ይሠሩ ነበር፤ ማለትም እኛን ይመስሉ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ አየር ነው። በዚህ ረገድ ሆስፒታላችን የሚያኮራ ታሪክ አለው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በአገራችን በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ቀጥሎ ሥራውን ከተቀበሉት ቀዳሚው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነበር። በሁለቱ ሆስፒታሎች የታከሙ 612 ሕሙማንን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ከመቶ 78 የሚበልጡት ሕክምናቸው እንደተሳካ አሳይቷል፤ ይህም በዚያ ዘመን በዓለም ከታዩት መልካም ውጤቶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ያው በሽታ በሕሙማን ክፍል ሲዛመት ምን እንደሚያደርስ በደቡብ አፍሪካ ቱገላ ፌሪ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጥናት፣ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ሕሙማን 52ቱ ሞቱ። ከግማሽ የሚበልጡት ከዚያ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው አያውቁም ነበር፤ ማለትም በሽታው የደረሳቸው ከሌላ ሰው፣ ከትንፋሽ ነው።

መፍትሔው ደግሞ አስገራሚ ቀላል ነው፤ መስኮት። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የተደረገ ጥናት፣ መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ እንደሚለወጥ አሳየ፤ በማሽን የሚነፍሱት ክፍሎች የሚጠበቅባቸው 12 ጊዜ ነበር። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ እጅግ በልጠው ተገኙ። በከተማችን ያሉ አሮጌ ሕንፃዎችን እንደ ኋላ ቀር ለምናይ ሰዎች ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ማታ ላይ ያንን መስኮት የሚዘጋው ማን ነው? አሁንም አስታማሚው ነው። የሚዘጋውም በፍቅር ነው። የደጋ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የታመመ ሰው ንፋስ ከመታው አይድንም የሚል እምነትም በየቤታችን አለ፤ እኔንም እናቴ ያሳደገችኝ እንዲሁ ነው። እኛ ጠዋት ገብተን መስኮቱን እንከፍትና ተቆጥተን እንወጣለን፤ እነርሱ ማታ ይዘጉታል። ለዓመታት የተዋጋነው እንዲህ ነው። አንዲት ነርስ ግን ከቁጣ የተሻለ ነገር ስታደርግ አይቻለሁ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣች፤ አልጋውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወደ ጎን አዞረችው፤ ከዚያም አስታማሚውን፣ «አባቴ፣ ይህ መስኮት የተከፈተው ለእርስዎ ነው፤ ሳሉ እርስዎን እንዳይዝዎት» አለቻቸው። መስኮቱ ሳይዘጋ አደረ። ብርድ ልብስ ያልተጨመረበት መመሪያ ከብርድ ጋር ተዋግቶ አያሸንፍም።

ሳላነሣቸው የማላልፋቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ፤ የጽዳት ሠራተኞቻችን። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው ትንሽ፣ ሥልጠናቸው አጭር ነው። እኛ ቸኩለን አንሶላ ውስጥ ጥለነው የሄድነው መርፌ የሚወጋው እነርሱን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ሰው በበሽታው በተበከለ መርፌ ሲወጋ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል፤ በሄፓታይተስ ሲ 3 በመቶ ያህል፣ በኤችአይቪ ደግሞ 0.3 በመቶ ያህል ነው። ክትባቱ አለ፤ ነገር ግን «የጤና ባለሙያ ይከተብ» ስንል እነርሱን የምንቆጥራቸው ስንቶቻችን ነን? በረኪናን በውሃ የምትበጠብጠው እርሷ ናት። 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ እንደሚሆን፣ ኃይሉም ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ እንዳለበት የምናስረዳት በምትገባት ቋንቋ ነው ወይስ በተለጠፈ ወረቀት? የትኛው ክፍል መስፈሪያ እንደሌለው፣ የትኛው መጸዳጃ እንደሚያፈስ፣ የመርፌ መጣያ ሣጥን የትኛው ፈረቃ ላይ ሞልቶ እንደሚተርፍ ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። አልተጠየቀችም እንጂ።

በአንድ ስፍራ ግን የሚያይ ሰው ሥልጣን ተሰጥቶት አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ አፍሪካ በተነሣው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ800 በላይ የጤና ሠራተኞች ተያዙ። አገራችንም 187 የጤና ባለሙያዎችን ወደዚያ ልካለች። በዚያ ሥራ የታወቀ አንድ ሥርዓት አለ፦ የመከላከያ ልብስ የሚለብስና የሚያወልቅ ሰው ብቻውን አይሆንም። ከፊቱ የሚቆም ተመልካች አለ። ተመልካቹ «ቁም» ሲል፣ የሚያወልቀው ሰው ፕሮፌሰርም ቢሆን ይቆማል። አይከራከርም፤ «አይዞህ ንጹሕ ነው» አይልም። ሕይወቱ በሌላው ሰው ዓይን ላይ እንደተንጠለጠለ ያውቃልና። እኔ የምመኘው ያንን ሥርዓት በማንኛውም ቀን፣ በማንኛውም የሕሙማን ክፍል ማየት ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ስለ እጃችን የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ እጃችንን ያስቁም። ጠያቂው አስታማሚ ይሁን፣ ተማሪ ይሁን፣ የጽዳት ሠራተኛ ይሁን፣ መልሳችን እጅን እንደገና ማጽዳት ብቻ ይሁን። ጠያቂው ተሳስቶ ቢሆን የምንከስረው ግማሽ ደቂቃ ነው። ሁለተኛ፣ በየሆስፒታሉ ባለው የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞችና የመሣሪያ ማምከኛ ክፍል ሠራተኞች ድምፅ ኖሯቸው ይቀመጡ፤ ለታካሚው አልጋ ስንሰጥም ለአስታማሚው አምስት ደቂቃ ትምህርት እንስጥ። ሦስተኛ፣ ትምህርታችን የምንኖርበትን ከፍታ፣ ብርድና የውሃ ፈረቃ ይወቅ። ደምቢያን አይቶ የተቋቋመ ትምህርት ቤት የራሱን ደጋ ሳያውቅ ሊያስተምር አይገባም።

ውድ ተማሪዎች፣ ለእናንተ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዙር ላይ ከመምህራችሁ ኋላ ቆማችሁ ያልተቀየረ ጓንት ታያላችሁ፤ መናገር ድፍረት፣ ዝም ማለት ጨዋነት ይመስላችኋል። በዚያ ጠዋት ከኋላዬ የቆሙት ሁለቱ ተማሪዎችም ያዩ ይመስለኛል፤ ጨዋዎች ስለነበሩ ዝም አሉ። ይሉኝታ ለሽማግሌ ፊት ጥሩ ነው፤ ለቁስል ግን አይሆንም። እኔን በዙር ላይ የምታገኙኝ ተማሪዎች፣ በእነዚህ ሁሉ ምስክሮች ፊት ፈቅጄላችኋለሁ፦ ጠይቁኝ።

ያቺ ወጣት እናት በመጨረሻ ድና ወጣች። እናቷ ልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ሊሰናበቱኝ መጡ። አልወቀሱኝም። ጥያቄያቸውንም አላነሡም። ጎንበስ ብለው «እጅዎን ይባርከው» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ያንን ምርቃት እስከ ዛሬ እንደ ዕዳ ይዤዋለሁ።